ከተሰጡ ፊደላት የእንግሊዝኛ ቃል ማውጣት፤ ታሪኩና የመንጌ ተማሪ

በትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰባት ወይም ስምንት የላቲን ፊደላት ሳያገጣጥሙ ይጽፉና «ከነዚህ ውስጥ ስንት ቃል ታወጣላችሁ?» ብለው ይጠይቁናል። ከተማሮቹ እኩሌቶቹ በዚህ እጅግ ይደሰታሉ። እኩሌቶቹ ግን አገር አቀፍ ፈተና በደጅ ቆሞ ሳለ በፊደል መጫወት ጊዜ ማባከን ነው፤ ይልቅስ ሰዋስው ብንማር፣ የቀድሞ ፈተናዎችን ብንሠራ ይሻለናል እያሉ ያጕረመርማሉ። ክርክሩ በክፍላችን ከተነሣ ሰንብቷል። እኔም በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሐፍ ውስጥ እንድጽፍ በተፈቀደልኝ ጊዜ ወደ አንዱ ወገን ከመፍረዴ በፊት የነገሩን ታሪክ መመርመር ይገባል ብዬ አሰብሁ። አንባብያን ሆይ፤ የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ እንደ ድምፁ በአገራችን ፊደል ጽፌዋለሁና ትክክለኛ አጻጻፉን በወረቀት ላይ እየሞከራችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ የጨዋታውን ጠባይ በምሳሌ ላስረዳ። ኤ፣ ኢ፣ ኤስና ቲ የሚባሉት አራት ፊደላት ተሰጡን እንበል። አራት ፊደላት በቅደም ተከተል 24 ዓይነት አሰላለፍ ሊሰለፉ ይችላሉ። ከነዚህ ከ24ቱ ውስጥ ዕለት በዕለት የሚነገሩት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም «ኢስት» ማለት ምሥራቅ፣ «ሲት» ማለት መቀመጫ፣ «ኢትስ» ማለት ይበላል፣ «ቲዝ» ማለት ሻይ በብዙ ቍጥር ናቸው። በምሥራቅና በመቀመጫ መካከል ምንም ዝምድና የለም፤ ፊደላቱ ግን አንድ ናቸው። ፊደላቱ አምስት ሲሆኑ አሰላለፉ 120፣ ሰባት ሲሆኑ 5,040 ይደርሳል። ስለዚህ ሁሉን እያሰለፍሁ እፈትናለሁ የሚል ተማሪ ደወሉ ይቀድመዋል። ብልኅ ተማሪ ግን አብረው መሄድ የሚወዱትን ፊደላት ይፈልጋል። ኤስና ኤች ተጣምረው «ሽ»ን፣ ሲና ኤች ተጣምረው «ች»ን እንደሚሰጡ፣ ኪው ያለ ዩ እምብዛም እንደማይንቀሳቀስ፣ አይና ኤንና ጂ በመጨረሻ ተከታትለው መቆም እንደሚወዱ ያውቃልና።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ድምፁ ነው። ኤን፣ ኦና ደብልዩ የሚባሉትን ሦስቱን ብንወስድ «ናው» ማለት አሁን፣ «ወን» ማለት አሸነፈ፣ «ኦውን» ማለት የራስ የሆነ ይወጣልናል። በሦስቱ ቃላት ኦ የሚባለው አንዱ ፊደል ሦስት ልዩ ልዩ ድምፅ ሰጠ። በእኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ቃላት ሦስት ዓይነት ፊደል ይሹ ነበር። እንዲሁም «ሊስን» ማለት አዳምጥ እና «ሳይለንት» ማለት ዝም ያለ፣ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ስድስት ፊደላት ይሠራሉ። በሁለተኛው ቃል የምትሰማው ቲ በመጀመሪያው ቃል ውስጥ ተጽፋ ሳለች ዝም ትላለች። እንግሊዝኛን በጆሮው ብቻ የተማረ ሰው አዳምጥ የሚለውን ቃል ሲጽፍ ቲን የሚረሳት ስለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ጨዋታ የእንግሊዞች ፈጠራ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ከፊደላት ቃል የማውጣትን ነገር በሥርዓትና በሊቅነት የጀመሩት ሰው በስምንተኛው መቶ ዓመት በበስራ ከተማ የኖሩት የዓረብኛ ሊቅ አል ኸሊል ኢብን አሕመድ ናቸው። እኒህ ሊቅ የዓረብኛን ቃላት ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ለመሰብሰብ በፈለጉ ጊዜ የሰማሁትን ቃል ሁሉ ልጻፍ ቢሉ የሚቀርባቸው እንደሚኖር አስተዋሉ። ስለዚህ ከቃል ወደ ፊደል ሳይሆን ከፊደል ወደ ቃል ሄዱ። ሁለት ፊደላትን ይወስዱና በሁለቱም አሰላለፍ፣ ሦስት ፊደላትን በስድስቱ፣ አራቱን በ24ቱ፣ አምስቱን በ120ው አሰላለፍ እየመረመሩ ሰው የሚናገርበትን «በሥራ ላይ ያለ»፣ የማይናገርበትን ደግሞ «የተተወ» እያሉ የሚለዩበትን ሥርዓት አበጁ። መጽሐፉም ከጕሮሮ ውስጥ እጅግ ርቆ ከሚወጣው ፊደል ከዐይን ስለሚጀምር «ኪታብ አል ዐይን» ተባለ። ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ አንድ ሰው በአእምሮው ብቻ የቋንቋን ጓዳ በር ሁሉ አንኳኩቶ «ማን አለ?» ማለቱ እኔን እጅግ አስደንቆኛል።

ይህ የአል ኸሊል መንገድ ለአማርኛና ለግዕዝ እንግዳ አይደለም። የሴም ቋንቋዎች ሁሉ በሦስት ተነባቢ ፊደላት ሥር ላይ ይቆማሉና። እስቲ ከ፣ ተ እና በ የሚባሉትን ሦስቱን እናሰልፍ። ከተበ ስንል ክታብና ክትባት ይወጣሉ፤ ዓረቡም ይህንኑ ሥር ጻፈ ለማለት ይናገርበታል። ከበተ ስንል ከብት እናገኛለን፤ ሀብት አካበተ የምንለውም ከዚሁ ነው። በከተ ስንል በክት፣ ሳይታረድ የሞተው እንስሳ ይመጣል። በተከ ደግሞ በግዕዝ ቈረጠ፣ በጠሰ ማለት ነው፤ በዓረብኛም እንዲሁ። ከስድስቱ አሰላለፍ አራቱ ቃል ሰጡን፤ ተከበና ተበከ ግን፣ እኔ እንደማውቀው፣ አል ኸሊል የተተወ ከሚሉት ወገን ናቸው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ጽፈውት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ቃላቱን በየሥራቸው የሚያስቀምጠው በዚሁ ጠባይ ምክንያት ነው። በአማርኛ ጨዋታውን መጫወት የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ ችግር ያገኘዋል። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ «ከ» ተሰጥቶት «ኩ»ን መጠቀም ይችላል ወይስ አይችልም? እኛ በክፍላችን ሞክረን ይቻላል የሚለውን መረጥን፤ አለዚያ ቃል አይገኝምና።

ወደ ኤውሮፓና ወደ አሜሪካ ስንሻገር ታሪኩ በሌላ በር ይገባል፤ ይኸውም በቍጥር ነው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበሩት ፈላስፋው አል ኪንዲ በምስጢር የተጻፈን ደብዳቤ ለመፍታት ፊደላቱን እየቈጠሩ የበዛውን ፊደል ከበዛው ጋራ ማስተያየት እንደሚገባ አስቀድመው ጽፈው ነበር። ከዚያ በኋላ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቴሌግራፍ መሣሪያ ሲሠራ ለየትኛው ፊደል አጭር ምልክት እንስጥ የሚል ጥያቄ ተነሣ። የሳሙኤል ሞርስ ረዳት አልፍሬድ ቬይል፣ እንደሚነገረው፣ በከተማው ወደነበረ ማተሚያ ቤት ሄዶ የብረት ፊደላቱ ሣጥን ውስጥ ከእያንዳንዱ ፊደል ስንት እንደተቀመጠ ተመለከተ። አታሚ ብዙ የሚያስፈልገውን ፊደል ብዙ ያስቀምጣልና ሣጥኑ የቋንቋው ሚዛን ሆነ። ኢ 12,000፣ ቲ 9,000፣ ዜድ ግን 200 ብቻ ነበረች። ስለዚህ ለኢ አንዲት ነጥብ፣ ለቲ አንዲት ሰረዝ ብቻ ተሰጣቸው፤ ዜድ ግን ረጅም ምልክት ተሸከመች። ከፊደላት ቃል የሚያወጣ ሰው ኢንና ቲን ሲያገኝ ደስ የሚለው፣ ዜድና ኪው ሲደርሱት የሚከፋው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጨዋታው ራሱ በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በየቤቱ የታወቀ ነበር። «የአሊስን» ተረት የጻፈው ሉዊስ ካሮል በ1879 እ.ኤ.አ. አንዲት ፊደል ብቻ እየለወጡ ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው የሚሻገሩበትን ጨዋታ በጋዜጣ ላይ አወጣ። በታኅሣሥ 21 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሊቨርፑል የተወለደው አርተር ዊን በኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን ተሻጋሪ የቃላት እንቈቅልሽ አሳተመ። እነዚህን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ስለ አልፍሬድ በትስ ግን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። (አልፍሬድ የሚባሉ ሰዎች ከፊደል ቍጥር ጋራ ምን ዝምድና እንዳላቸው አላውቅም።)

በትስ አርክቴክት ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኢኮኖሚ በወደቀ ጊዜ ሥራ አጥቶ ቤቱ ተቀመጠ። ሥራ ፈቶ መቀመጥ ግን ስላልሆነለት ጋዜጦችን እያገላበጠ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ በእጁ ቈጠረ። በዚህ ቍጥር መሠረት ነው እንግዲህ ዛሬ «ስክራብል» ተብሎ በዓለም የታወቀውን ጨዋታ የሠራው። በውስጡ 100 ትንንሽ የእንጨት ፊደላት አሉ። ኢ 12፣ ኤ 9፣ አይ 9፣ ኦ 8 ሲሆኑ ኪውና ዜድ አንዳንድ ብቻ ናቸው፤ ስለ ብርቅነታቸውም እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያወጣሉ። ኤስን አራት ብቻ ያደረገው ሰው ሁሉ በስም መጨረሻ ላይ እየለጠፈ ብዙ ቍጥር በማድረግ ያለ ድካም እንዳያሸንፍ ነው ይባላል። ለእኛ የሚገርመን ኬይ ነው። በአማርኛ «ከ» ሳይጠሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ከባድ ሲሆን በእንግሊዝኛው ሣጥን ውስጥ ኬይ አንዲት ብቻ ናት። በትስ ይህን ሁሉ ከሠራ በኋላ ጨዋታውን የሚገዛው አጣ። ጄምስ ብሩኖ የሚባል ሰው በ1948 እ.ኤ.አ. ስሙን ለውጦ ማምረት ቢጀምርም በሚከተለው ዓመት 2,400 ያህል ሣጥን ሸጦ 450 ዶላር ከሰረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሱቅ ሁሉ ይሻማበት ጀመር።

ዛሬ ይህ ጨዋታ የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ በተደረገው የዓለም የእንግሊዝኛ ስክራብል ውድድር ያሸነፈው ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ ነበር፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ናይጄሪያውያኑ ረጅም ቃል ማውጣት ሲችሉ በጥበብ አጭሩን ይመርጡ ነበር፤ አጭሩ ቃል መልካሞቹን ፊደላት ለሚቀጥለው ተራ ያቈያል፣ ለተቃዋሚም ቦታ አይከፍትም። እንግሊዝኛ በባዕድ ቋንቋነት የገባበት የአፍሪካ አገር ልጅ በእንግሊዝኛ ፊደላት የቋንቋውን ባለቤቶች መርታቱን ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጨዋታው ደጋፊዎች ወገን ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገር ግን በዚያው በ2015 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር ሆኗል። የኒውዚላንዱ ኒጀል ሪቻርድስ በቤልጅግ አገር የተደረገውን የፈረንሳይኛ ስክራብል ሻምፒዮና አሸነፈ። ሰውየው ፈረንሳይኛ አይናገርም! በሁለት ወር ያህል ጊዜ የፈረንሳይኛውን የቃላት ዝርዝር እንደ ስልክ ቍጥር በቃሉ አጥንቶ፣ የቃላቱን ትርጕም ሳያውቅ፣ ፈረንሳይኛን ከእናታቸው ጡት ጋራ የጠቡትን ሁሉ ረታ። እንግዲህ የሚያጕረመርሙት ጓደኞቻችን ያላቸው ሥጋት ከንቱ አለመሆኑ በዚህ ይታያል። ከፊደላት ቃል ማውጣትና ቋንቋን ማወቅ አንድ ነገር አይደሉምና።

ይህ ጕዳይ ለእኛ ለመንጌ ልጆች እንግዳ አይደለም። ብዙዎቻችን ፊደል የሚባለውን ነገር በመጀመሪያ ያየነው በቍርኣን ቤት በሉሕ ላይ ነው። ሕፃኑ ዐሊፍ፣ ባእ፣ ታእ ብሎ ጀምሮ ምዕራፍ በምዕራፍ በቃሉ ይይዛል፤ የዓረብኛውን ትርጕም የሚማረው ግን፣ ዕድል ከሰጠው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገውም ልጅ እንዲሁ ነው፤ ግዕዙን ሳያውቅ ዳዊት ይደግማል፣ ትርጕሙንና ምስጢሩን የሚያገኘው ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት ሲገባ ነው። ይህ አሠራር አያሌ ሊቃውንትን አፍርቷልና አልነቅፈውም። ልዩነቱ ግን እነዚያ ተማሮች ትርጕሙን የሚቀበሉበት ሌላ ቤት ከፊታቸው አላቸው። የእንግሊዝኛ ተማሪ በቃሉ የያዘውን ቃል በዚያው ዓመት በፊዚክስ፣ በባዮሎጂና በታሪክ ፈተና ላይ ያገኘዋል፤ ትርጕሙን ካላወቀ መልሱን አያገኝም፤ ወደ ዩኒቨርሲቲም አይገባም።

እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ሥልጣን በትምህርት ቤት ያገኘው ከድሮ ጀምሮ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ በአዲስ አበባ ከባዕድ ቋንቋዎች ያመዝን የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ፤ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቅድ ሁለተኛ ደረጃውን ለእንግሊዝኛ ተወለት። ከዚህ በኋላ ነው በክልላችን ለቤርታ፣ ለጉሙዝና ለሺናሻ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል መጻፊያ የተዘጋጀላቸው። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቤርታን ከእንግሊዝኛና ከአማርኛ ጋራ የሚያስተያይ መዝገበ ቃላት በአዲስ አበባ ታተመ።

ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት ዓይን አለ። በሰሌዳው ላይ ፊደላቱ ሲጻፉ በሉሕ የጀመረው ልጅ ተነባቢዎቹን አስቀድሞ ይለቅማል፤ ዓረብኛ አጭር አናባቢን አይጽፍምና ኤና ኢ ለጊዜው አይታዩትም። በሀ ሁ የጀመረው ልጅ ተነባቢውን ከአናባቢው ጋራ አጣብቆ «ሳ» ወይም «ቴ» የሚል ቍራጭ ይፈልጋል። በቤርታ መጽሐፍ የጀመረው ልጅ ደግሞ የላቲኑን ፊደል ከሁላችን ይልቅ ፈጥኖ ያነባል፤ ነገር ግን በቤርታ ጽሕፈት የተጻፈው ይነበባል፣ የሚነበበውም ይጻፋል፤ እንግሊዝኛ ይህን ውል አያከብርም። በአንድ ዴስክ ላይ ሦስቱ ሲቀመጡ ግን አንዱ የሳተውን ሁለተኛው ያገኘዋል። እኔ የማውቀው ትልቁ የጨዋታው ጥቅም ይህ ነው፤ ሰዋስው ስንማር እንዲህ ሆነን አናውቅም።

ዛሬ ስልክ ያለው ሰው ፊደላቱን ጽፎ በቅጽበት ቃላቱን ሁሉ ማግኘት ይችላል። ዘዴው አስማት አይደለም። መሣሪያው በመዝገቡ ያለውን እያንዳንዱን ቃል አስቀድሞ ፊደላቱን በኤ ቢ ሲ ዲ ተራ ይደረድራቸዋል። «ኢስት»ም «ሲት»ም «ኢትስ»ም ሲደረደሩ ኤ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ቲ ይሆናሉና በአንድ ቍልፍ ሥር ይቀመጣሉ። የተሰጡትንም ፊደላት እንዲሁ ደርድሮ ቍልፉን ይከፍታል፤ 24ቱን አሰላለፍ አይሞክርም። እኛም ይህን በካርቶን ቍራጭ ልንሠራው ጀምረናል፤ አንድ ተማሪ አዲስ ቃል ባገኘ ጊዜ በካርቶኑ ራስጌ የተደረደሩትን ፊደላት፣ ከሥሩ ቃሉንና ትርጕሙን ይጽፋል። ከሪቻርድስ ታሪክ በኋላም በክፍላችን አንድ ሕግ ወጥቷል፤ ያወጣውን ቃል ትርጕም ያልተናገረ፣ በዓረፍተ ነገርም ያላስገባ ነጥብ አያገኝም። ሕጉ ሲወጣ ከሁሉ አብልጠው የደገፉት ቀድሞ ያጕረመርሙ የነበሩት ናቸው።

አሁን ወደ ገዛ አገራችን ስም ልመለስ። የመንጌ አገር ከጥንት ጀምሮ ወርቅ ሲታጠብበት የኖረ ነው፤ ወርቁም ከደጋ በሚመጣ ጨው ይለወጥ ነበር። «ጎልድ» ማለትም ወርቅ ከሚለው ቃል ፊደላት «ኦልድ» ማለት ያረጀ፣ «ሎግ» ማለት ግንድ፣ «ዶግ» ማለት ውሻ ይወጣሉ፤ «ሶልት» ማለትም ጨው ደግሞ ተገልብጦ «ላስት» ማለት የመጨረሻ ይሆናል። መንጌ የሚለው ስም በላቲን ሲጻፍ አምስት ፊደላት ናቸው፤ ከነሱም «ሜን» ማለት ወንዶች፣ «ጂን» ማለት በባዮሎጂ የምንማረው የዘር ቅንጣት፣ ከሁሉም በላይ «ጀም» ማለት ዕንቍ እናገኛለን። ከአሶሳ ግን ከ«ሶ»ና ከ«አዝ» ሌላ አህያ የሚል ቃል ብቻ ስለ ወጣ የአሶሳ ልጆች ቅር እንዳይላቸው በዚህ አልገፋበትም።

የሚበልጠው የክልሉ ስም ነው። ቤንሻንጉል የሚለው ስም በመጀመሪያ የቤርታ ነው። «በላ ሻንጉል» ማለት የሻንጉል ድንጋይ ማለት ሲሆን ድንጋዩም በዚሁ በመንጌ አካባቢ በተራራ ላይ ያለ የተከበረ ድንጋይ ነው። ከሱዳን በኩል የመጡት ዓረብኛ ተናጋሪዎች ይህን ሲሰሙ በቋንቋቸው «በኒ» ማለት ልጆች ማለት ስለሆነ «በላ»ን ወደ «በኒ» ለወጡት፤ ድንጋዩ ሕዝብ ሆነ። በ1821 እ.ኤ.አ. የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ወደ ሱዳን በዘመተ ጊዜ አብሮ የመጣው ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ የዚህን አካባቢ ቃላት በላቲን ፊደል መዝግቦ በ1826 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ አሳትሟል፤ ይህን ከሠሩት ቀደምት ኤውሮፓውያን አንዱ ነው። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን ዘመቻ አገሩ በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ ስሙ በግዕዝ ፊደል ቤንሻንጉል ተብሎ ተጻፈ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን የዓረቡን «በኒ» ይዞ ቢ፣ ኢ፣ ኤን፣ አይ፣ ኤስ፣ ኤች፣ ኤ፣ ኤን፣ ጂ፣ ዩ፣ ኤል ነው፤ 11 ፊደላት።

አንድ ቀን መምህራችን ከነዚህ 11 ፊደላት ረጅሙን ቃል አውጡ ብለው አዘዙ። ከፊሉ «ሲግናል» ማለት ምልክት አለ፤ ከፊሉ «ኤንጀል» ማለት መልአክ፣ ያንኑም አገላብጦ «አንግል» ማለት ማዕዘን አለ። በኋላ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ ተነሥታ «ኢንግሊሽ» አለች። ቈጠርነው። ኢ አለ፣ ኤን አለ፣ ጂ አለ፣ ኤል አለ፣ አይ አለ፣ ኤስ አለ፣ ኤች አለ። እንግሊዝኛ የሚለው ቃል ሙሉ በሙሉ በቤንሻንጉል ውስጥ ተቀምጧል፤ የቀሩት ቢ፣ ኤ፣ ኤንና ዩ ብቻ ናቸው። እነዚያው ሰባት ፊደላት ሲገለበጡ «ሺንግል» ማለት የቤት ጣሪያ የሚከደንበት የእንጨት ክዳንም ይሆናሉ።

ደስታው ሳያልቅ መምህራችን ሁለተኛ ጥያቄ አመጡ። «ላንጉዊጅ» ማለት ቋንቋ የሚለውን ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ማውጣት ይቻላልን? ሞከርን። ሁለት ጂ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ከጉሙዝ ተገኘ። ሁለት ኤ ግን ያስፈልጋል፤ ያለው አንድ ብቻ ነው። በአንዲት ኤ ጐድሎ ቀረ። ያን ጊዜ በቤርታ ፊደል ማንበብ የጀመረው ጓደኛችን ወደ ሰሌዳው ወጥቶ የአሁኑን ስም አጠፋና በዓረብኛው ምትክ የጥንቱን፣ በአያቶቹ አፍ የሚጠራውን «በላ ሻንጉል» ጻፈ። በ«በላ» ውስጥ አይ የለምና «ኢንግሊሽ» የሚለው ቃል ከሰሌዳው ጠፋ። ነገር ግን ሁለተኛዋ ኤ ተመልሳ መጣች። ከሥሩ ጉሙዝን ጨምሮ ስምንቱን ፊደላት አንድ በአንድ አከበባቸው፤ ኤል፣ ኤ፣ ኤን፣ ጂ፣ ዩ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኢ። ሕጉ ለእርሱም አልቀረለትምና መምህራችን ትርጕሙን ጠየቁት፤ በመጀመሪያ በቤርታ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ በመጨረሻም በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አስገብቶ ተናገረና ሦስት ነጥብ ተሰጠው።